ቀይ መስመር ያለባቸው ስሞች

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አልወሰዱኝም። ደምበል አካባቢ ያለው ልብስ ቤት ማለቴ ነው። ማስታወቂያው «እቃ የሚያስተካክል» ነበር የሚለው፤ መጋዘን ውስጥ ሱሪ ማጠፍ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሴትዮዋ ገና ከመቀመጤ «እስቲ ራስሽን አስተዋውቂ» አለችኝ። ረድኤት እባላለሁ አልኩ። ጠበቀችኝ። እኔም ጠበቅኳት። ሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ መሆኔን መናገር እንደሚቻል ትዝ ያለኝ ደረጃውን ወርጄ አስፋልቱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ አራተኛው ነው። ማስታወቂያው ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፦ ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያላት። ለአስተናጋጅ ይሁን። ለካሸርም ይሁን። ኡራኤል ጋ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ግን ለምን ይፈልጋል? ከማሽኑ ጋር ልግባባ ነው?

ክላስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ዝርዝር ጻፍኩ። ሰው ብዙ የማያናግሩ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሠሩ ሥራዎች፦

ዳታ ኢንትሪ። ሁሉም ልምድ ይጠይቃል።
የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ መጻፍ። ላፕቶፕ የለኝም።
ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መደርደር። ወረፋ አለ ተብያለሁ።
ዳቦ ቤት፣ ከውስጥ፣ ሊጥ ጋ። አክስቴ ከሰማች አለቀልኝ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሊዲያ ዝርዝሩን አየችውና «በቃ መቃብር ጠባቂ ሁኚ፣ ከሙታን በላይ ዝም የሚል አታገኚም» አለችኝ። ሳቅን። ሊዲያ ስታወራ መምህሩ ሳይቀር ዝም ብሎ ይሰማታል። እኔ ስመልስ ግን «አልሰማሁም፣ ድገሚው» ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስደግመው ደግሞ መልሱ ራሱ ስህተት ይመስለኛል።

ማታ እራት ላይ ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ እልፍነሽ ላንቻ ነው የምትኖረው፤ ዘንድሮ ትምህርቴን ወደ አዲስ አበባ ካዛወርኩ ጀምሮ ከእሷ ጋር ነኝ። ትወደኛለች፣ ግን ስትወድም ስትቆጣም ድምፅዋ አንድ ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው ቢሉሽ አንቺ ደግሞ ባንክ ከፈትሽበት» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት አብረዋት ስለሠሩ ሰው አወራችኝ። ጋሽ አስራት ይባላሉ፣ ጡረታ ወጥተው የእድር ጸሐፊ ሆነዋል። መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ የሚገለብጥላቸው ተማሪ ይፈልጋሉ። ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ ወሬም አያበዙም አለች።

የየት እድር ነው አልኳት። የካዛንቺሱ አለችኝ፣ የናንተው የድሮው ሰፈር።

እንጀራው አፌ ውስጥ ቀረ። እሄዳለሁ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከኡራኤል በእግሬ ሄድኩ። ጥላው ይበርዳል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥቅምት ነው። መንገዱ ሰፊ ሆኗል። የብስክሌት መሄጃ አለ፣ መብራት አለ፣ ሣር አለ፣ ሰው እየቆመ ፎቶ ይነሣል። ያምራል። ማማሩን መካድ አልችልም። እኔ ግን የግቢያችን በር የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዱ የመብራት ምሰሶ ጋ ይመስለኛል። ወይ ቀጥሎ ያለው ጋ።

ሰፈሩ ሲፈርስ እኔ ፍሬሽማን ሆኜ ክፍለ ሀገር ፈተና ላይ ነበርኩ። አባቴ ደውሎ «እቃ እያወጣን ነው» አለኝ። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ አሁን ሞጆ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከጂቡቲ ሲመለስ እዚያ ያርፋል። ጎረቤቱ አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ዘመድ ጋ ተበተነ። ስመለስ የምሰናበተው ሰው አልነበረም። ለማን እንደምናደድም አላወቅኩም።

የእድሩ ቤት አልፈረሰም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ቤት ነው። የተጠቀለለ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሕፃን ውስጡ የሚያስቀምጥ ትልቅ ድስት፣ በአንድ ጥግ ደግሞ አቧራ የለበሰ ኮምፒውተር። ጋሽ አስራት ካፖርት ለብሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ደግሜ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶ አውጥቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። አነበቡና ሳቁ፣ ከዚያ በኋላ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ ያለ አለቃ በማስታወቂያ አይገኝም።

ሥራው ሁለት ትልልቅ መዝገብ ነው። ሙሉ ስም፣ የድሮ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ማስታወሻ። ጋሽ አስራት እንዳስረዱኝ፣ ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋና ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አሁን ቢነፋ የሚሰማው ፎቶ የሚነሣው ሰው ነው። ስለዚህ ስልክ ያስፈልጋል። እሑድ ደግሞ ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ የመጀመሪያው ሙሉ ስብሰባ ይደረጋል፣ በሞት የተለዩት ስማቸው ይነበባል። «እነሱን ለይተሽ በሌላ ወረቀት ታወጪልኛለሽ፣ መዝገቡ ላይ አለ» አሉኝ። ሌላም ነገር ተናገሩ መሰለኝ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ አልሰማሁም። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

አራት ገጽ ገለበጥኩ። አንድም ሰው አላናገረኝም። ደስ የሚል ቀን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ሃያ ገጽ። የጋሽ አስራት የእጅ ጽሑፍ ይነበባል፣ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ነው፣ ቀጥ ያለ።

ስሞቹን ስጽፍ ሰፈሩ ራሱ እየተመለሰ ይመጣል። ቁጥር 212፣ ውሻቸው ኳስ የሚበላው። ቁጥር 215፣ የመጀመሪያው ትልቅ ቴሌቪዥን የገባበት፣ በመስኮት ቆመን የምናየው። ቁጥር 219፣ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት እየዘፈነ ጥርሱን የሚፍቅ። እነዚህን ሰዎች በዚያን ጊዜ አንድም ቀን አናግሬያቸው አላውቅም። ዝም ብዬ አያቸው ነበር። አሁን ግን እንደዚህ ይናፍቁኛል ብዬ አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ እናቴን አገኘኋት። ወይዘሮ አልማዝ ገብሬ፣ የቤት ቁጥር 224። አባባ መንገድ ላይ ስለሚውል እድር የገባችው እሷ ናት፣ ስሟ ከሞተችም በኋላ አልተቀየረም። ስሟ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ ንጹሕ መስመር ተሰምሯል። ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መስመሩን በጣቴ ነካሁት። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፣ እዚህም እዚያም ሌላ ቀይ መስመር አለ። እንግዲህ የሞቱት ቀይ ናቸው ማለት ነው። ማስታወሻው ላይ «በሕይወት የሉም» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

መጠየቅ ይቻል ነበር። ጋሽ አስራት ደጅ ተቀምጠው ነበር፣ ወረቀትም እስክሪብቶም እጄ ላይ ነበር። ግን ምን ይጠየቃል፣ ግልጽ ነው እኮ።

አክስቴ ማታ ሥጋ ገዝታ መጣች፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ብላ። ሥራ በማግኘቴ ነው፣ ባትለውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13



ቁጥር 226። ወይዘሮ ሸምሲያ ሙደሲር። ቀይ መስመር።

ጋሽ አስራት ምን ሆንሽ አሉኝ። አቧራ ነው ብዬ ጻፍኩላቸው። አቧራ ለማለት ሁለት ፊደል አጠፋሁ።

እትዬ ሸምሲያ የግቢያችን በር ላይ ጉሊት ነበራት። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ከሰል በትንንሽ ፌስታል። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ መንገድ ላይ ሲሆን እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ እሷ ጎን እቀመጥ ነበር። በለቅሶው ጊዜ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ተናገሪ እንጂ፣ አልቅሺ እንጂ» ሲለኝ ከኋላዋ አስቀመጠችኝና «ልጅቷን ተዋት» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ከኋላዋ እንደተቀመጥኩ ነው የኖርኩት።

ለምን አትናገሪም ብላኝ አታውቅም። ሰው ሁሉ ይላል፣ እሷ ብቻ አላለችም። ደብተር ቢያልቅብኝ ሱቅ ሄዳ «ለልጄ ባለ ሃምሳ ሉክ» ትላለች። መምህር ቢያስለቅሰኝ ጉሊቱን ለጎረቤት ትታ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ምን እንዳለች አላውቅም፣ መምህሩ ግን ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራኝ። በረመዳን ሾርባው ሲደርስ መጀመሪያ ለእኔ ትቀዳለች፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ስትጾም ውላ። ብዙ ሰዓት ምንም ሳንነጋገር እንቀመጣለን። ሽንኩርት ትልጣለች፣ እኔ ሒሳብ እሠራለሁ። አሁን የምፈልገው ሥራ፣ ዝርዝሩ ሁሉ፣ እሱን ነው እኮ። የማይጠይቀኝ ሰው ጎን መቀመጥ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ደወልኩላት፣ ስልኳ ተዘግቷል። እኔም በመሃል ሲም ቀየርኩ። አንድ ቀን አገኛታለሁ እያልኩ ነው ዓመቱ ያለፈው። ሰው ቢጠየቅ ይገኛል፣ ይህ ሁሉ ጎረቤት እያለ። አንድም ሰው አልጠየቅኩም። ሰው ማናገር ፈርቼ ነው። ይህንን እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ክላስ አልገባሁም። በቀጥታ መዝገቡ ጋ።

የ226ን ማስታወሻ ባዶ ትቼ ሌሎቹን ጨረስኩ። መዝገቡ ላይ ያለውን ስልኳን ሞከርኩ። የድሮው ነው፣ ጥሪ አይቀበልም።

ለአባባ ቴክስት ላክሁ፦ እትዬ ሸምሲያ እንዴት ናት? ከሰዓት በኋላ መለሰ። አላውቅም ልጄ፣ ሰፈር ከለቀቅን አላየኋትም፣ ምነው? ምንም አልኩት።

አክስቴ ፊቴን አይታ አወጣጣችኝ። እሷ የላንቻ ሰው ናት፣ እትዬን በእናቴ ለቅሶ ጊዜ ብቻ ነው የምታውቃት። «ታዲያ ሰውየውን ጠይቂያቸዋ፣ መቼ፣ በምን፣ የት ተቀበረች በያቸው፤ መቃብሯን እንኳ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ልክ ናት። ግን ካልጠየቅኩ ቀይ መስመር ብቻ ነው። ከጠየቅኩ ቀን ይኖረዋል፣ በሽታ ይኖረዋል፣ እኔ የት እንደነበርኩ ይኖረዋል።

ስለዚህ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጨረስኩ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አባወራና እማወራ። ከእነሱ ሃያ ሦስቱ ቀይ።

ሃያ ሦስቱን በተለየ ወረቀት አወጣሁ። እናቴን አልጨመርኳትም ነበር፣ ብዙ ዓመት ስለሆናት፤ ከዚያ መጀመሪያው ላይ ጨመርኳት። እትዬን አሥራ ሰባተኛ ላይ ጻፍኳት። ጣቴ ፊደሉ ላይ ቆሞ ቀረ። የሷን ስም በትክክል፣ በንጽሕና ልጻፈው ብዬ ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም።

ጋሽ አስራት የታተመውን አገላብጠው አዩና «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ኮምፒውተር ላይ የወጣ ወረቀት ለእሳቸው የተመሰከረለት ነው፣ መርምረው አላነበቡትም። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣሽ ቀጥይ አሉኝ። ሥራ አለኝ ማለት ነው። ከሳምንት በፊት ቢሆን እየዘለልኩ ነበር ላንቻ የምደርሰው።

ነገ ስብሰባው ላይ በር ጋ ተቀምጬ የሰዎችን አዲስ ስልክ እንድመዘግብ ጠየቁኝ። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከየት ልጀምር።

ድንኳኑ ከእድሩ ቤት ፊት ለፊት ባዶው ቦታ ላይ ተተክሏል። ሰው ከየአቅጣጫው በታክሲ እየወረደ ይመጣል። እየተሳሳሙ ነው፣ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ትከሻ ለትከሻ። እኔ በር ጋ ጠረጴዛ ይዣለሁ። «የአልማዝ ልጅ አይደለሽም? አድገሽ የለም እንዴ» ይሉኛል። ፈገግ እላለሁ፣ ስልካቸውን እጽፋለሁ። ሻሽ ያሰረች ሴት በመጣች ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። እያወቅኩ፣ አያለሁ።

ሰብሳቢው ተነሡና ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ያጣናቸውን እናስብ አሉ። ሁሉም ብድግ አለ። ወረቀቴን አወጡ። አንደኛው ስም የእናቴ ነበር፣ ጥቂት ሰው ግራ ገብቶት ተያየ። ሁለተኛው ወይዘሮ ጽጌ ነበረች። እትዬ አበበች የምትባል ሴት «እኔን!» ብላ ደረቷን መታች፣ ትናንት አብረን ቡና ጠጥተን አለች፣ ሰው ደገፋት። ሰብሳቢው ቀጠሉ። ሦስተኛ፣ አቶ ታፈሰ ደግፌ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ለሙታን የቆሙ ሽማግሌ «እኔ ደግሞ መቼ ነው የተቀበርኩት?» አሉ።

መጀመሪያ ሳቅ። ከዚያ ጩኸት፣ ጽጌስ፣ ጽጌ አለች ወይ፣ ማነው ይህንን የጻፈው። ጋሽ አስራት ከፊት ተቀምጠው ፈገግ ብለው ይመለከታሉ፣ ምንም አልሰሙም። አንድ ሰው ጆሯቸው ሥር ጮኸላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ አነበቡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ይህንን ነበር፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲያየኝ።

መዝገቡን አስመጡና ቀዩን መስመር አሳዩኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም፣ ግን ስለማይሰሙ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ሁሉም ሰማ። ቀይ መስመር እድሩ ለቅሶ ወጥቶ ድንኳን የተከለለት ቤት ነው አሉ። ሐዘን የገባበት ቤት። ኮሚቴው ከለቅሶው በኋላ ዞሮ እንዲጠይቃቸው፣ እንዳይረሱ ተብሎ ነው የሚሰመረው። የሞቱት ስም ከመዝገቡ ጀርባ፣ ከባዶዎቹ ገጾች በኋላ፣ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ነው። «ማክሰኞ ነግሬሽ ጭንቅላትሽን ነቀነቅሽልኝ እኮ ልጄ» አሉኝ።

የእናቴ መስመር ለእናቴ አልነበረም። ለእኔና ለአባባ ነበር።

እዚያ ላይ ማፈር ነበረብኝ። መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ማለት ነበረብኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው፣ አሥራ ሰባተኛው ስም። ብድግ አልኩ። «እትዬ ሸምሲያስ?» አልኩ። ማንም አልሰማኝም፣ ሁሉም እየተነጋገረ ነው። ጋሽ አስራት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ወረቀት ፈለግኩ፣ እጄ አላገኘውም።

«እትዬ ሸምሲያ አሉ ወይ?»

ጮህኩ። የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ድንኳኑ ዝም ሲል ነው።

የመለሰችልኝ ያቺው ደረቷን የመታችው እትዬ አበበች ናት፣ እንባዋን ገና እየጠረገች። «ባለ ጉሊቷ? አለች እንጂ። ወንድሟ ቡታጅራ ሞተባት፣ እኛው ሄደን ቀበርን። ልጆቹን ማን ያሳድግ ብላ እዚያው ቀረች።»

አለች እንጂ። ተቀመጥኩና ጠረጴዛው ላይ አለቀስኩ። እትዬ አበበች መጣችና የእትዬ ሸምሲያን አዲስ ስልክ ከሞባይሏ እያየች ነገረችኝ፣ እኔ መጻፍ ስላቃተኝ ራሷ ጻፈችልኝ።

ጋሽ ታፈሰም ስልካቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፣ ከእንግዲህ መቶ ዓመት እኖራለሁ፣ አይዞሽ አሉኝ። ወይዘሮ ጽጌ ግን ዘግይታ ስትመጣ ወሬውን በር ላይ ሰምታ ፊቷ ተለወጠ። ይቅርታ አልኳት፣ በድምፅ። አልመለሰችልኝም። መብቷ ነው።

ማታ ላይ ወንበር ስንሰበስብ ጋሽ አስራት እኔ ስጽፍላቸው በነበረው ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ፦ «ሥራሽ እንዳለ ነው። ቅጣትሽ ግን ሃያ ሦስቱን ቤት በስልክ መጠየቅ ነው። ኮሚቴው ሳይጠይቃቸው ዓመት አልፏል፣ ጥፋቱ የኛም ነው።» አንዱ የኛው ቤት ስለሆነ ሃያ ሁለት ናቸው።

ሰው የማያናግር ሥራ ነበር የፈለግኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጠዋት ደወልኩ፣ አንዴ ሲጠራ ዘጋሁት። ክላስ ገባሁ። የተማርኩትን አላውቅም። ሊዲያ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ የሞተ ሰው ላናግር ነው አልኳት፣ ቀልድ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ከእድሩ ቤት ውጭ፣ ድንኳኑ ተተክሎበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ቆሜ እንደገና ደወልኩ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

እሷ ናት። ትንሽ የሻከረ ነው፣ ግን እሷ ናት። የምለውን ጽፌ ይዤ ነበር። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፣ አይነበብም። ሄሎ አለች ደግማ። ከኋላዋ ልጆች ይጨቃጨቃሉ፣ አንድ በር ይንኳኳል። አሁን ትዘጋዋለች አልኩ። አልዘጋችውም። ልጆቹን እሽሽ አለቻቸውና ዝም ብላ ቆየች። እኔም ዝም።

«ረድኤት ነሽ?» አለችኝ።

እንዴት እንዳወቀችኝ ልጠይቃት ፈለግኩ። ሳልጠይቃት መለሰችልኝ። «ደውሎ እንዲህ ዝም የሚለኝ ሌላ ማን አለኝ።»

አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ፈተና ላይ እንደነበርኩ፣ ሳልሰናበታት ሰፈሩ እንዳለቀ፣ ሲሜን እንደቀየርኩ፣ ሰው መጠየቅ እንደፈራሁ፣ በራሴ እጅ ከሙታን መሃል እንደጻፍኳት፣ ስሟን ሦስት ጊዜ እንዳስተካከልኩት። ሳቀች። «ታዲያ አለቀስሽልኝ?» አለችኝ። አዎ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ አልኳት። ሳቋን አቋረጠችና እሷም አለቀሰች። እኔን ስትፈልግ እንደነበር፣ የአልማዝ ልጅ የት ገባች ብላ ያልጠየቀችው ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። እሷ ሁሉን ጠይቃለች። እኔ አንድ ሰው አልጠየቅኩም። ይህ ከልቤ አይወጣም።

ስልኩ ሲዘጋ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ባሰብኝ። የሞተች ሲመስለኝ እንኳ እንዲህ አልናፈቀችኝም፤ አሁን ያለችበትን አውቃለሁ፣ ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፣ ዛሬም አንዱን ከኋላዋ አስቀምጣው ይሆናል።

ከዚያ ጋሽ ታፈሰ ጋ ደወልኩ። «ከመቃብር ነው የማናግርሽ» አሉኝ። ወይዘሮ ጽጌ አላነሣችም። ነገ እሞክራለሁ። ሃያ ይቀሩኛል፣ ለእያንዳንዳቸው ከሰላምታ በኋላ ምን እንደምል አላውቅም።

ቅዳሜ ቡታጅራ እሄዳለሁ። መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አክስቴ ልጠይቅልሽ አለችኝ። ተይው አልኳት፣ መናኸሪያ ሄጄ ራሴ እጠይቃለሁ።